ጀልባው ስላለ፣ ድልድዩ ስለሚሠራ

እናቴ የሞተችው ወንዙ በሞላበት ወቅት ነው። መቃብሯ ማዶ መሆን ነበረበት። አባታችን የማዶ ሰው ነበርና ሲሞት ወገኖቹ አጠገብ ተቀበረ። በማግስቱ እናቴ ከጎኑ ያለውን ባዶ መሬት በእርምጃ ለክታ፣ በየማዕዘኑ ድንጋይ አስቀመጠችና ለመቃብር ጠባቂው "ይቺ የኔ ናት፣ ማንም እንዳይነካብኝ" አለችው። ከዚያ ወዲህ አባታችንን ልትጠይቅ በጀልባ በተሻገረች ቁጥር ድንጋዮቿን አይታ ትመለስ ነበር።

"ቤቴን አየሁት" ትለኛለች ስትመለስ።

"እንዴት ነው?"

"ደህና ነው። ጎረቤቱ ዝምተኛ ነው።"

በዚህ ቀልድ ስንት ዓመት ሳቅን።

ጀልባው የመንግሥት ነበር። ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ ወፍራም ገመድ እየተጎተተ የሚሻገር፣ ሆዱ ሰፊ የእንጨት ጀልባ ነው። ገበያተኛው፣ ተማሪው፣ ሙሽራው፣ በሽተኛው ሁሉ በእሱ ይሻገራል፤ ማንም አይከፍልም። ጀልበኛው የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበር። ሰፈሩ "ካፒቴን" ይለዋል፤ በቀልድ የወጣለት ስም ነው፣ እሱ ግን በቁም ነገር ተቀብሎታል። ከላይ በኩል አንድ የድሮ ድልድይ አለ። ግን ሩቅ ነው፣ ከሱ ወዲያ ያለው መንገድም ወንዙ ሲሞላ እንኳን መኪና እግረኛም አያሳልፍም።

ወንድሜ የምክር ቤት አባል ነው፤ የበጀት ኮሚቴው ውስጥ ነው ያለው። ረቂቅ የበጀት አዋጅ በመጣ ቁጥር ማሻሻያ እያቀረበ ወጪ የሚያስቀንስ እሱ ስለሆነ ባልደረቦቹ "መቀስ" ይሉታል። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ዛሬም አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲባክን ማየት አይችልም። ሰው በሌለበት ክፍል መብራት በርቶ ካየ ከአልጋው ተነስቶ ያጠፋል። እናቴ "ይሄ ልጅ የሰማዩንም ከዋክብት ባገኛቸው እፍ ይላቸዋል" ትል ነበር።

በዚያ ምክር ቤት ያልተጻፈ ደንብ አለ። የሌላውን ወጪ ልቁረጥ የሚል ሰው አስቀድሞ ከተወለደበት አካባቢ አንድ ነገር አምጥቶ ማስቆረጥ አለበት። "ከራስህ ጀምር" ይሉታል። ከራሱ ያልጀመረ ሰው ሲናገር ወረቀት ይገላበጣል፣ ሳል ይበዛል፤ ከራሱ የጀመረ ግን ይጨበጨብለታል። ይህን ወንድሜ ራሱ ነው እየሳቀ የነገረን።

ማሻሻያውን ያቀረበበትን ጉባኤ በሬዲዮ አብረን ሰማነው። እናቴ ሬዲዮኑን መስኮቱ ላይ ወደ ግቢው አዙራ አስቀመጠች፣ ወንበር ደረደረች፣ ጎረቤት ጠራች። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን መጣች። የስፖርት መምህሩ መጣ፤ እሱ በሹክሹክታ ሲያወራ እንኳ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው ነው። ካፒቴንም ጀልባውን አስሮ መጣና ሻይ ያዘ።

የወንድሜ ድምፅ ሲመጣ እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች፣ የሚያያት ይመስል።

"ክቡር አፈ ጉባኤ፣ የመጀመሪያውን ማሻሻያ ከተወለድኩበት አካባቢ እጀምራለሁ። በወንዛችን ላይ ድልድይ እንዲሠራ በረቂቁ ስለተያዘልን፣ ለጀልባ ማመላለሻ የተመደበው ወጪ እንዲሰረዝ አቀርባለሁ።"

እዚያ ተጨበጨበ። እኛም ግቢ ውስጥ አጨበጨብን።

"ወንዛችንን ጠራው! ሰማችሁ? ወንዛችንን ጠራው!" አለች እናቴ።

ካፒቴን ብቻ አላጨበጨበም። ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጥቂት አሰበ።

"ይቅርታ እማማ፣ 'ለጀልባ ማመላለሻ የተመደበው ወጪ' ያለው... እኔን ነው እንዴ?"

ሬዲዮኑ ብቻ ማውራቱን ቀጠለ።

"ኧረ ካፒቴን፣ አንተ ሰው ነህ እንጂ ወጪ ነህ እንዴ?" አለ የስፖርት መምህሩ።

"እንግዲያ እስከ ዛሬ ደመወዜን የሚበላው ጀልባው ነው?"

ሰው ሳቀ፣ እናቴ ግን አልሳቀችም። "ድልድዩ ሳያልቅማ አያስወጡህም። ልጄን አላውቀውም እንዴ? ተነሺ አንቺ፣ ለካፒቴን ሻይ ድገሚለት" አለችኝ።

"ስኳሩን ግን ቀንሺልኝ፤ ከአሁኑ ልልመደው" አለ ካፒቴን።

አዲሱ የበጀት ዓመት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የንብረት ክፍል ሰዎች መጡ። ጀልባውን በሰው ጉልበት ከወንዙ አስወጡት። ንብረት ነውና እንዳይበላሽ ብለው ዳር ላይ ባለው የቆርቆሮ መጋዘን አስገቡት፤ አጥበው፣ አድርቀው፣ በሩን በሰንሰለት ቆለፉት። ካፒቴን የስንብት ወረቀት ተሰጠውና ወደ ድንጋይ ፈለጣ ገባ። ለድልድዩ ደግሞ ቀደም ብሎ መሐንዲሶች ቀይ ቀለም የተቀቡ ችካሎች ተክለው ሄደው ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። በአንዱ ችካል ጎረቤት ፍየሉን አሰረበት። በሌላው ላይ ልብስ ማስጫ ተወጠረ።

እናቴ የገበያ ቀን መውጣት አቆመች። ቧንቧ ስትወርድ ተራዋ ሲደርስ ለካፒቴን ሚስት ትለቃለች። ሴትየዋ "ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ" ትላለች። እናቴ "ግዴለሽም፣ እኔ ሥራ ፈት ነኝ" ብላ ከወረፋው ጭራ ትቆማለች። አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረንም። ቢናገሩን ኖሮ መልስ እንፈልግ ነበር። ሰላምታ ሲሰጡን ግን ምን ይባላል? አንገት መድፋት ብቻ ነው።

ወንድሜ እሁድ እሁድ ይደውላል። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ዶሮዎቹ ሳይቀር ይጠይቃል። አንድ እሁድ ስልኩን ዘግታ ፊቱን ወደ ጠረጴዛው ደፍታ አስቀመጠችው።

"ስለ ሁሉ ይጠይቃል፣ ስለ ወንዙ ግን ጠይቆኝ አያውቅም" አለችኝ።

"ረስቶት ይሆናላ።"

"ዶሮ ያልረሳ ሰው ወንዝ ይረሳል? ያውቃል ማለት ነው።"

ከዚያ በኋላ ይህን ነገር አላነሳችም።

ማዶ ታናሽ እህቷ አለች፣ ትንሿ አክስታችን። ቀድሞ በየሳምንቱ ይገናኙና አፍ ለአፍ ገጥመው ሲንሾካሸኩ ይውሉ ነበር። ጀልባው ከቀረ ወዲህ ከሰዓት በኋላ እናቴ በዚህ ዳር፣ አክስቴ በዚያ ዳር ቆመው ይጯጯሃሉ።

"ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ! አንቺስ?"

"ደህና ነኝ!"

ከዚያ የሚባል ነገር ያልቃል፤ እየተያዩ ይቆማሉ። እናቴ ወደ ቤት ስትመለስ ትበሳጭ ነበር። "በጩኸት ሐሜት አይወራ ነገር። ስለ ጤና ብቻ ስንት ሰዓት ይወራል? ደግሞስ የኛ ጤና ይወራለታል?"

ስትታመም ብዙ አልቆየችም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። "ከአባትህ ጎን" አለችው ወንድሜን። "እሺ እማዬ" አለ። ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማኝ። ለእኔም "ቤቴን አደራ" አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት አረፈች።

ወንድሜ ረፋዱ ላይ በመሥሪያ ቤት መኪና ደረሰ። ከመኪናው ሲወርድ ሻንጣውን ለመቀበል መጀመሪያ የደረሰው ካፒቴን ነው። ወንድሜ ሊሰጠው አቃተው። አንዱ "ኧረ ተወው" ሌላው "ኧረ አምጣ" እያሉ ሻንጣውን ሲጓተቱ ቆዩና በመጨረሻ ሁለቱም ይዘውት ገቡ። ሰው ሁሉ ተነስቶ "እግዜር ያጥናችሁ" አለ። ወንድሜ የማንንም ዓይን ሳያይ ተቀመጠ።

ወዲያው የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ከረባት አስሮ መጣና ጆሮው ላይ ጎንበስ አለ። ሹክሹክታ መሰለው እንጂ ሁላችንም ሰማነው።

"ክቡርነትዎ፣ ቁልፉን ይዤ መጥቻለሁ። በጀት የለውም፣ ግን በቃል ተፈቅዷል። ለአንድ ምልልስ። አስከሬኑና ቤተሰቡ ብቻ።"

ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ልጇ ማዶ አግብታ ወልዳለች፤ የልጅ ልጇን እስከ ዛሬ በዓይኗ አላየችውም። ቀና አላለችም። ያጠበችውን ብርጭቆ መልሳ ማጠብ ጀመረች።

ወንድሜን በእጄ ጠርቼ ወደ እናቴ መኝታ ክፍል አስገባሁትና በሩን ዘጋሁ።

"ለአንድ ምልልስ ነው?"

"ምን ላድርግ እቴ? እናታችን ናት።"

"የሌሎቹስ እናቶች? ዓመት ሙሉ ተዘግቶባቸው የከረመውን በር ለእኛ ብቻ ከፍተን፣ እነሱ ዳር ቆመው እጃቸውን ሊያውለበልቡልን ነው?"

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ፍራሹን አንስተን ስለነበር ሳንቃው ጮኸ።

"ድልድዩ የታለ?" አልኩት። "በሬዲዮ የሰማሁት ድልድይ የታለ?"

መሬት መሬት እያየ ነው የነገረኝ። "ያን ቀን ማሻሻያ ያቀረብኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። የመንገድ ጉዳይ የሚያየው ጓደኛዬም አቅርቧል። 'በዚህ ወንዝ ላይ ጀልባ ስላለ ድልድዩ ለጊዜው ይቆይ' ብሎ። እኔ ደግሞ 'ድልድዩ ስለሚሠራ ጀልባው ይቅር' ብያለሁ። ሁለቱም በአንድ ከሰዓት በኋላ ጸደቁ።"

"አንተስ የሱን ስታይ ምን አልክ?"

"አላየሁትም። ከምሳ በኋላ ማሻሻያ አንድ በአንድ አይነበብም፣ ሰው ደክሟል። በጥቅል ነው የሚጸድቀው። ቁጥራቸው ብቻ ይጠራል፣ እጅ ይነሳል።"

"እጅህን አነሳህ?"

"አነሳሁ።"

ከውጭ የወንበር ድምፅ ይሰማል።

"መቼ አወቅክ?"

"የዚያኑ ዕለት ማታ። የጸደቀውን ቁጭ ብዬ ሳነበው።"

"እና ለምን አልተናገርክም?"

"በማግስቱ ጋዜጣው ፎቶዬን አወጣው። 'ከራሱ የጀመረው' ብሎ። ከዚያ በኋላ ተነስቼ 'የቆረጥኩትን መልሱልኝ' ልበል? ሁሉም የየራሱን መልሱልኝ ይል ነበር፤ የሠራነው ሁሉ ይፈርስ ነበር። ይሳቅብኝም ነበር፣ አልዋሽሽም። በሚመጣው በጀት ድምፄን አጥፍቼ አስመልሰዋለሁ ብዬ ነበር።"

"እማዬስ?"

"እማዬ የምትጠብቀኝ መስሎኝ ነበር" አለና አፉን በመዳፉ ያዘ።

ልጅ ሆኖ እንዲህ ሲሆን አቅፈው ነበር። ያን ዕለት ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

ሣጥኑን ተሸክመን ወደ ወንዙ ወረድን። ማዶ ያሉት ቀድመው ደርሰዋል፤ ዳሩ ጥቁር በጥቁር ሆኗል። ትንሿ አክስቴ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ አንድ ሰው ጃንጥላ ይዞላታል። መጋዘኑ ሲከፈት እንዳዩ ሁሉም ተነሱ፤ ልቅሷቸው ውሃውን አቋርጦ መጣ።

ጀልባው እንደ አዲስ ነበር። አቧራ የለበትም፣ ሸረሪት አላደራበትም። ኃላፊው እንደ ሚዜ ቆሞ በኩራት አሳየን። ካፒቴን ጎኑን በመዳፉ ዳሰሰው፣ እጁንም ቶሎ አነሳ። ወንዶቹ ተሸክመው አወረዱት፣ ገመዱን አሰሩ፣ ወደ ውሃው ገፉት።

ውሃው ጊዜ አልሰጠም። በየሳንቃው መጋጠሚያ እንደ ወንፊት ገባ። መጀመሪያ ቀጭን ቀጭን መስመር ሆነ፣ ከዚያ መስመሮቹ ተገናኙና ወለሉ ጠፋ። ሰዎቹ እየተሯሯጡ ጎትተው መለሱት።

"እንዴት ይሆናል?" አለ ኃላፊው። "ጥላ ሥር ነው ያስቀመጥነው! ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ አላስነካነውም!"

"እሱ ነዋ" አለ ካፒቴን። ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፣ ግን ሣጥኑን አየና ተወው። "ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ውሃ ውስጥ ቀናት ተነክሮ እስኪያብጥ መጠበቅ ነው።"

ሁላችንም ሣጥኑን አየን። ሙቀቱ ከባድ ነበር። አስከሬን ቀናት አይቆይም።

ከማዶ "ምን ሆናችሁ? ለምን ቆማችሁ?" የሚል ጩኸት መጣ።

የስፖርት መምህሩ እጁን አፉ ላይ እንደ ጡሩምባ አድርጎ ወደ ወንድሜ ዞረ። "ምን ልበላቸው?"

"የቴክኒክ ችግር ገጥሟል በላቸው" አለ ኃላፊው ቸኩሎ።

"ቆይ፣ እኔ ልንገራቸው" አለ ወንድሜ።

ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገባ። ድምፁ ከማይክሮፎን ጋር ያደገ ነው፤ ወንዙ መሀል ሳይደርስ ወደቀ።

"አልተሰማም!" አሉ ከማዶ።

ደገመው።

"አልተሰማም! ድገመው!"

ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ። ወደ መምህሩ ዞረ። መምህሩ ተጨነቀ፤ "እንዳለ ልበለው?" አለ።

"እንዳለ።"

መምህሩ ደረቱን ነፍቶ፣ ተማሪ እንደሚያሰልፍ ቃል በቃል ለቀቀው።

"ጀልባውን ያስቀረሁት! እኔ ነኝ! ድልድዩንም! እጄን አንስቼ ያስቀረሁት! እኔ ነኝ! አውቄ! ዝም አልኩ! እናቴን! ማሻገር! አልቻልኩም!"

በሌላ ሰው አፍ "እናቴን" ሲባል መስማት እንዴት ያለ ነገር ነው! ድምፁ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። ወንድሜ ትከሻው ወርዶ፣ የሱሪው እግር በውሃ ተነፍቶ እዚያው ቆሟል። ድንጋይ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። እኔም ጠበቅሁ፤ ለእኔም ጭምር እንደሚወረወር ሆኖ ተሰማኝ።

ማዶ ጥቂት ተነጋገሩ። አክስቴ ከወንበሯ ተነሳች፣ ጃንጥላውን በእጇ ገፋችው። ዓመት ሙሉ ከእናቴ ጋር ስትጮህ ድምፅዋ ጠንክሮ ነበርና አስተላላፊ አላስፈለጋትም።

"እናውቃለን!" አለች። "እሱን ዓመቱን ሙሉ እናውቃለን! እህቴን ፊቷን ወደዚህ አድርጋችሁ ቅበሩልኝ!"

ከዳሩ ከፍ ብሎ፣ ውሃው የማይደርስበት ቦታ ላይ ቀበርናት። የመሐንዲሶቹ አንድ ችካል እዚያ ነበር፤ ካፒቴን ነቅሎ ጣለው። ወንድሜ አካፋውን ለማንም አልሰጥም አለ። መዳፉ ሲደማ ልብስ ሰፊዋ ከመቀነቷ ጫፍ ቀድዳ አሰረችለት። "የኔ እመቤት፣ አንቺስ ተይኝ" አላት። "ዝም በል፣ እጅህን አታሽሽ" አለችው እሷ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

ሲያልቅ ማዶ ያሉት አልሄዱም። እኛም እነሱን ትተን መሄድ ነውር ሆነብን።

"ግቡ እንጂ!" አሉን።

"እናንተ ቅደሙ!" አለ መምህሩ።

"የለም፣ ሐዘንተኛ ይቅደም!"

"ሁላችንም ሐዘንተኛ ነን! ግቡ!"

እንዲህ ስንግደረደር ጥላው ረዘመ። በመጨረሻ ከእነሱ ወገን አንድ ሁለት ሰው መሄድ ጀመረ፣ ከእኛም ወገን እንዲሁ። አክስቴ ወንበሯን አስነስታ ጥቂት እንደተራመደች ዞር አለች።

"ድንጋዮቿስ?" ብላ ጮኸች። "ከሱ ጎን ያስቀመጠቻቸው! ላንሳቸው?"

መምህሩ ድምፁ አልቋል፤ ወደ እኛ ዞረ። ወንድሜ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ አጠገቡ ቆሜ እንኳ አልሰማሁትም። በዚያ ዓመት ሁሉ ወንዝ ዳር ቆሜ ጮኼ አላውቅም፤ የሚጮኹት እነሱ ነበሩ። እጄን አፌ ላይ አደረግሁ።

"ይቆዩ!" አልኩ። "አክስቴ፣ ይቆዩ!"